አጭር የአኒሜሽን ፊልም ሲሠራ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የትልልቅ ስቱዲዮዎችን መልክ መቅዳት። ጀማሪዎች ሥራቸውን እንድመለከትላቸው ሲልኩልኝ ከስህተት ሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ትልልቅ ዓይኖች፣ የሚያብረቀርቅ ቆዳ፣ በነፋስ የሚውለበለብ ፀጉር፤ ፊልሙን ማን እንደሠራው ከምስሉ መለየት አይቻልም። ያ መልክ በመቶዎች የሚቆጠሩ ባለሙያዎች ለዓመታት የደከሙበት ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ሲሞክረው የሚያገኘው የሳሳ ቅጂ ነው። ደግሞስ ለምን ብሎ? አጭር ፊልም የሚሠራ ሰው ወጪውን በቲኬት ሽያጭ እንዲመልስ የሚያስገድደው አለቃ የለበትም። በአሸዋ፣ በክር፣ በተቀደደ ወረቀት መተረክ ይችላል። አሌክሳንደር ፔትሮቭ መስታወት ላይ በጣቶቹ በሚቀባው የዘይት ቀለም ሠርቶ በ2000 ኦስካር ተሸልሟል። ሎተ ራይኒገር ጥቁር ካርቶን በመቀስ እየቆረጠች ሙሉ የጥላ ዓለም ፈጥራለች። ይህን ያህል ሰፊ ሜዳ እያለ ሁሉም አንዲት ጥግ ላይ ሲጋፋ ማየት ያሳዝነኛል።

አንድ ተሰጥኦ ያለው ወጣት ትውስታዋ እየከዳት ስላለች አያት የሚተርክ ታሪክ ነበረው። ወራት የፈጀበት ግን የአያቲቱን ሽበት በስሪዲ (3D) ሶፍትዌር ዘለላ በዘለላ ማበጀት ነበር። ተስፋ ቆርጦ ሊተወው ሲል የመጀመሪያ ንድፎቹን እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። በከሰል የተሣሉ፣ መዳፉ እየነካካቸው የደበዘዙ ፊቶች ነበሩ። ፊልሙ እዚያው ደብተሩ ውስጥ ተቀምጦ ነበር! ደቡብ አፍሪካዊው ዊሊያም ኬንትሪጅ በከሰል ሥሎ ፎቶ ያነሣል፤ ያንኑ ወረቀት በከፊል አጥፍቶ እንደገና ይሥልበታል፤ የጠፋው መሥመር አሻራ ግን ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ስለ መርሳት ለሚተርክ ሰው ከዚህ የሚስማማ ዘዴ ከየት ይመጣል?

ተቃራኒውም ስህተት ነው፤ ዘዴውን ለብርቅነቱ ብቻ መምረጥ። ከሥር ብርሃን በሚበራበት መስታወት ላይ አሸዋ ሲንቀሳቀስ አዲሱ ምስል የቀድሞውን ያጠፋል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም የለም። ካሮላይን ሊፍ በአሸዋ ስትሠራ አንዱ ቅርጽ እየተበተነ ወደ ሌላው እንዲለወጥ አድርጋለች፤ የአሸዋው ጠባይ ትረካዋን አግዟል። ታሪካችሁ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ለደቂቃዎች የሚከራከሩበት ከሆነ ግን አሸዋው ሥራችሁን ከማብዛት በቀር ምን ያደርግላችኋል?

ሳይቆጥሩ መጀመር። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል፣ ይሄዳል። እያንዳንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ብታቆዩት እንኳ ለአንድ ሰከንድ 12፣ ለሦስት ደቂቃ ደግሞ 2,160 ሥዕል ያስፈልጋችኋል። ይህን ስሌት በመጀመሪያው ቀን ሥሩት። ብዛቱ ካስፈራችሁ ታሪኩን አሳጥሩ፤ ሥዕሉን አታቻኩሉት። ኤሚል ኮል በ1908 የሠራው ዝነኛ ፊልም ሁለት ደቂቃ አይሞላም፤ ለእርሱም 700 ያህል ሥዕሎች ሥሏል። ጥቁር ላይ የሚታይ ነጭ መሥመር ነው፤ መሥመሩ ግን ለአፍታ አያርፍም፣ አንዱ ነገር ሌላ እየሆነ ይሄዳል።

ስቶሪቦርዱን፣ ማለትም ታሪኩ ትዕይንት በትዕይንት የተነደፈባቸውን ሥዕሎች፣ እያንዳንዱ በሚቆይበት ጊዜ ልክ ደርድሮ ሳያዩ ወደ ሥራ መግባት። ይህን ማስረዳት ሰልችቶኛል፤ ደርድራችሁ እዩት።

ስቶፕ ሞሽንን፣ ማለትም አሻንጉሊት በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ ፎቶ በማንሣት የሚሠራውን አኒሜሽን፣ በመስኮት ብርሃን መቅረጽ። ደመና ባለፈ ቁጥር ምስሉ ይብለጨለጫል። መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኑ፣ በመብራት ብቻ ሥሩ። የካሜራውን አውቶማቲክ የብርሃን፣ የቀለምና የፎከስ ማስተካከያ አጥፉ። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ልብስ ልበሱ፤ ነጭ ሸሚዝ የሚመልሰው ብርሃን አሻንጉሊቱ ፊት ላይ ይታያል።

ድምፅን ለመጨረሻው ሳምንት መተው። ኖርማን ማክላረን ምስሉን በቀጥታ የፊልሙ ጥብጣብ ላይ እየሣለ ድምፁንም በጥብጣቡ የድምፅ መሥመር ላይ በእጁ ይሥል ነበር፤ ለእርሱ ሁለቱ አንድ ሥራ ነበሩ። ወደ እኔ ከሚመጡት ሥራዎች ብዙዎቹ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በፒያኖ ሙዚቃ ተሸፍነው ነው የሚደርሱኝ። የእግር ኮቴ የለም፣ የበር ድምፅ የለም፣ ትንፋሽ የለም። ሙዚቃውን አንሡትና ፊልሙን ያለ ምንም ድምፅ እዩት፤ ከዚያ ጆሯችሁ የናፈቀውን ድምፅ ራሳችሁ በስልካችሁ ቅረጹ።