የወረቀት ክንፍ ሲረግብ፣ ሲላቀቅ፣ ሲጣመም፦ ችግርና መፍትሄ

ለገጣፎና ሰንዳፋ አካባቢ ሞዴል አውሮፕላን የሚሠሩ ልጆች ክንፍ ይዘው ሲመጡ፣ በሽታው ብዙውን ጊዜ ያው ነው፤ ተጣሟል። ክንፉ ባልሳ ከሚባል በጣም ቀላል እንጨት የተሠራ አፅም ነው፤ ቀጭን ወረቀት ይለብስና በቫርኒሽ ይቀባል። የመጣመሙ ነገር ሰፊ ስለሆነ ሌሎቹን ችግሮች ቶሎ ቶሎ ልበላቸው።

ቫርኒሽ ሲነካው ወረቀቱ ረገበ። እርጥብ ወረቀት ይረግባል፣ አትደንግጡ። በጣት አትጎትቱት፣ ይቀደዳል። ሲደርቅ ራሱ ይወጠራል። ደርቆም ከረገበ፣ ከቫርኒሹ በፊት ውሃ ረጭታችሁ አላደረቃችሁትም ማለት ነው። ዶፕ የሚባለው የድሮው ቅብ እየተኮማተረ ወረቀቱን ይወጥር ነበር። በውሃ የሚቀጥነው ቫርኒሽ ግን ይህን አይሠራላችሁም።

ጠርዙ ተላቀቀ። የተማሪ ስቲክ ኮላ! ውሃ ሲያገኝ ይሟሟል። በነጭ ኮላ ወይም በራሱ በቫርኒሹ ለጥፉ።

ቀለሙ ለቀቀ። ርካሽ የስጦታ መጠቅለያ ነው። ቁራጩን ውሃ ውስጥ ሳትነክሩ ክንፍ ላይ አታልብሱ።

ክንፉ ተጣመመ። ወረቀት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ የባልሳው አፅም ደግሞ አቅም የለውም። አንዱ ገጽ ቀድሞ ከደረቀ አፅሙን ወደ ራሱ ይጎትታል። በበጋ እኛ ሰፈር ፀሐዩም ንፋሱም ደረቅ ነው፤ ፀሐይ ያየው ገጽ በደቂቃዎች ሲደርቅ የታችኛው ገና እርጥብ ነው።

አንዱ ላዩን ማታ ቀብቶ ሆዱን «ነገ» ብሎ ተኛ። ጠዋት ክንፉ እንደተጨመቀ ፎጣ ተጠማዞ ጠበቀው። ሌላው የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ሰቀለው። የግራው የኋላ ጠርዝ ወደ ላይ፣ የቀኙ ወደ ታች ዞረ። «ምንም አይልም» ብሎ ወረወረው፤ እንደለቀቀው ወደ ግራ ተገልብጦ ጤፍ ማሳ ውስጥ ተሰካ። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ከከሰል ማንደጃ አጠገብ የሚያቆሙ አሉ። ወረቀትና እሳት፣ በሉ እንግዲህ!

መፍትሄው ትዕግስት ነው። ቫርኒሹን በእኩል ውሃ አቅጥኑት። ላዩንም ሆዱንም በአንድ ጊዜ፣ በስሱ ቀቡ። ብሩሹ ይንጠባጠብ አይደለም፣ ይርጠብ ብቻ። ከዚያ ቀጥ ያለ ጣውላ ላይ ላስቲክ አንጥፉ፤ ክንፉን በትንንሽ የባልሳ ቁርጥራጮች ከፍ አድርጋችሁ በእስፒል ያዙት። ከታች አየር ካልገባ ሆዱ አይደርቅም፣ ልፋታችሁም ከንቱ ነው። ጫፍና ጫፉ ላይ የኋላውን ጠርዝ 2 ሚሊሜትር ያህል ከፍ አድርጉት፤ አውሮፕላኑ ፍጥነት ሲያጣ በአንድ ጎን እንዳይወድቅ ይረዳል። ጥላ ውስጥ እስከ ማግስቱ ይደር። እየሄዳችሁ አትነካኩት! ሁለተኛውን ቅብም እንዲሁ።

ከተጣመመ በኋላ ከሆነ ማንቆርቆሪያ ጣዱ። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ለዚህ ሥራ በቂ ነው፣ እጅ ለማቃጠልም እንዲሁ። የተጣመመውን ቦታ በእንፋሎቱ ላይ እያመላለሳችሁ ወደ ተቃራኒው ከሚፈለገው ትንሽ አሳልፋችሁ ጠምዝዙት፤ እስኪቀዘቅዝ አትልቀቁት። ይህ ቫርኒሹ ከመጠንከሩ በፊት፣ ሁለተኛው ቅብ ሳይደረብ ይሻላል። እምቢ ካለ ወረቀቱን ልጣችሁ አፅሙን ጠረጴዛ ላይ አስተኙት። እንጨቱ ራሱ የሚነሳ ከሆነ ጥፋቱ የቫርኒሹ አይደለም፤ አፅሙን ስትሠሩ ኮላው ሳይደርቅ ከጣውላው አንስታችሁታል።