ችካሉ ተነቀለ እንጂ መሬቱ አለ፦ የጠፋ የፓርቲሽን ሰንጠረዥን በተርሚናል መመለስ

አንድ ማታ ፍላሽ ላጸዳ ብዬ ዲዲ የሚባለውን፣ ዲስክ ላይ በቀጥታ የሚጽፍ የሊኑክስ ትዕዛዝ አስገባሁ። ኤስዲሲ ማለት ሲገባኝ ኤስዲቢ ብዬ ጻፍኩ፤ ሁለቱም ሊኑክስ ለዲስኮች የሚሰጣቸው ስሞች ናቸው። በአንዲት ፊደል ስህተት፣ የስምንት ዓመት ፎቶ ባለበት ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ መጀመሪያ ላይ 1 ሜጋባይት ዜሮ ተጻፈበት። ክው ነው ያልኩት። ከፎቶዎቹ ግን አንድም አልጠፋም፤ የጠፋው የፓርቲሽን ሰንጠረዡ፣ ማለትም ዲስኩ የተከፈለባቸው ክፍሎች (ፓርቲሽኖች) ከየት እስከ የት እንደሆኑ የሚመዘግበው ዝርዝር ነው።

ትዕዛዞቹን እዚህ በድምፃቸው ጽፌያቸዋለሁ። ተርሚናል ላይ በትንንሽ የላቲን ፊደላት ይገባሉ፣ ከፊታቸውም የአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚሰጠው ሱዶ ይቀድማል። የእናንተ ዲስክ ስም ከእኔ ሊለይ ስለሚችል ዲስኮቹን የሚዘረዝረውን ኤልኤስቢኤልኬ ብላችሁ በመጠኑ ለዩት። ሁለቴ እዩት፤ እኔን የጎዳኝ ይሄን አለማየቴ ነው።

ከሁሉ በፊት ኮምፒውተሩን አታጥፉት፣ ሪስታርትም አታድርጉት። ሊኑክስ አሮጌውን ሰንጠረዥ በማህደረ ትውስታው ይዞ ስለሚቆይ፣ ዲስኩ ላይ ያለው ቢጠፋም ፓርቲሽኖቹ ለጊዜው ይታያሉ። የእኔ ሦስቱም ይከፈቱ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ፎቶዎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ኮፒ አደረግኩ። ቀጥዬ ካት በሚለው ትዕዛዝ /ኤስዋይኤስ/ብሎክ/ኤስዲቢ/ኤስዲቢ1 ውስጥ ያሉትን «ስታርት» እና «ሳይዝ» የሚባሉ ፋይሎች አነበብኩ። አንዱ ፓርቲሽኑ የሚነሳበትን ሴክተር (የዲስኩ ትንሿ ቁራጭ)፣ ሌላው ርዝመቱን ይነግራል። የሦስቱንም ወረቀት ላይ ጻፍኩ።

የመጀመሪያው ቁጥር 2048 ነበር። እሱን ሳይ ተነፈስኩ። አንድ ሴክተር 512 ባይት ነው፤ 2048 ሴክተር ማለት ልክ ያ ያጠፋሁት 1 ሜጋባይት ነው። ዜሮው እስከ አጥሩ ደርሶ ቆሟል ማለት ነው።

ዲስኩ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ካለው ወይም የሊኑክስን የውስጥ መልእክቶች የሚያሳየውን ዲኤምኢኤስጂ ስትሉ የማንበብ ስህተት ከደረደረ ግን ሕመሙ ሌላ ነው። ያኔ ከታመመ ዲስክ በሚገለብጠው በዲዲሬስኪው ሙሉውን ዲስክ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡና በቅጂው ላይ ሥሩ።

አሁን ወደ ጥገናው። በአዳዲስ ዲስኮች የተለመደው፣ ጂፒቲ የሚባለው የሰንጠረዥ ዓይነት ሁለት ቦታ ይቀመጣል፤ ዋናው መጀመሪያ ላይ፣ ቅጂው ዲስኩ መጨረሻ ላይ። ፓርቲሽኖቹን በዩማውንት አውርዱና (ከሲስተሙ አላቅቁና) ሰንጠረዡን የሚያርመውን ጂዲስክ ብላችሁ የዲስኩን ስም አስከትሉ። ዋናው መበላሸቱን ይነግራችሁና ምርጫ ሊያቀርብ ይችላል፦ 1 ያለውን ጂፒቲ መጠቀም፣ 2 ባዶ ጂፒቲ መፍጠር። 1ን ምረጡ። 2ን በጭራሽ!

ከዚያ «ፒ» ስትሉ ዝርዝሩ ይወጣል። መነሻዎቹን ከወረቀታችሁ ጋር አስተያዩ። ካልገጠሙ «አር» ብላችሁ ወደ ማገገሚያው ግቡ፤ «ቢ» የቅጂውን ራስጌ፣ «ሲ» የቅጂውን ሰንጠረዥ ያመጣል። «ቪ» ስህተት መኖሩን ይፈትሻል። እስካሁን ዲስኩ ላይ ምንም አልተጻፈም፤ ከተጠራጠራችሁ «ኪው» ብላችሁ ውጡ። ልባችሁ ሲረጋ ብቻ «ደብልዩ»።

ኤምቢአር በሚባለው የቀድሞ የሰንጠረዥ ዓይነት የተከፋፈለ አሮጌ ዲስክ ይህ መጠባበቂያ የለውም። ሰንጠረዡ በመጀመሪያው ሴክተር ውስጥ ያለች 64 ባይት ናት፤ እሷ ከጠፋች ችካሉን ከመሬቱ ላይ መፈለግ ነው። ለዚህ ቴስትዲስክ የሚባል ፕሮግራም አለ። «ኢንቴል» የሚለውን መርጣችሁ አናላይዝ፣ ከዚያ ኩዊክ ሰርች በሉ። የተገኘው ፓርቲሽን ላይ ቆማችሁ «ፒ» ስትጫኑ ፋይሎቹ በስማቸው ከታዩ እሱ ነው። ካልተገኘ ዲፐር ሰርች አለ፤ ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል ታገሡት። ሲሟላ ራይት።

ከጻፋችሁ በኋላ ሊኑክስ አዲሱን ሰንጠረዥ እንዲያነብ ፓርትፕሮብ በሉ። ኤፍኤስሲኬ ጭረት (-) ኤን የፓርቲሽኑን የፋይል ሥርዓት ምንም ሳይነካ ይመረምራል። ከዚያ ለንባብ ብቻ ማውንት አድርጋችሁ ጥቂት ፋይሎች ክፈቱ፤ ትልልቆቹንም ጭምር።

እኔ በዚያው ሌሊት ኤስኤፍዲስክ ጭረት ዲ ብዬ ሰንጠረዡን ወደ ተራ የጽሑፍ ፋይል አወጣሁት። ጥቂት መስመር ናት። ሌላ ዲስክ ላይ አስቀመጥኳት፤ እዚያው ዲስክ ላይ ብትቀመጥ አብራ ትጠፋ ነበር። ዳግም ከተሳሳትኩ ያንኑ ፋይል ለኤስኤፍዲስክ መልሼ እሰጠዋለሁ።