ሳይንስ በመኪና ሲመጣ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የትብብር ሰነዱን ፈርሞ ነዳጁን መርሳት። ዩኒቨርሲቲው የሳይንስ መሣሪያ ጭኖ ትምህርት ቤቶችን የሚዞር መኪና፣ መምህራን ኮሌጁ አሠልጣኝ፣ ትምህርት መምሪያው ትምህርት ቤቶችን ያቀርባል ተብሎ ይፈረማል። ነዳጁን፣ የሾፌሩን አበልና የተሰበረውን ዕቃ ማን እንደሚሸፍን ካልተጻፈ መኪናው ብዙም ሳይቆይ ግቢ ውስጥ ይቆማል።

ሁሉንም ዕቃ አንድ ላይ በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ማስገባት። ማይክሮስኮፕና መልቲሜትር ቋሚ ዕቃ ናቸው፤ ይመዝገቡ። የባትሪ ድንጋይ፣ አምፖልና ሊትመስ ወረቀት ግን አላቂ ናቸው። ተደባልቀው ሲገቡ ንብረት ክፍል ይቆልፍባቸዋል፤ መምህሩም «የት አደረስከው?» እንዳይባል ሳጥኑን አይነካም። አላቂውን ለይታችሁ አስረክቡ፤ በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ መምህሩ እጅ ይግባ።

በ40 ደቂቃ ሦስት ሙከራ ማሳየት። አንድ ይበቃል። 60 ተማሪ ካለ 10 ቡድን ይሁን፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ፣ አንድ የ2.5 ቮልት አምፖል፣ ሦስት ቁራጭ ሽቦ። አምፖሉ እምቢ ካለ አብዛኛውን ጊዜ የሽቦው ጫፍ በደንብ አልተላጠም፣ ወይም ድንጋዮቹ ፖዘቲቭ ለፖዘቲቭ ገጥመዋል። መምህሩ ይህን ከዋዜማው በገዛ እጁ ሠርቶ ካላየ ተማሪ ፊት ይደነግጣል። አሠልጣኙ ቢሠራለትማ መኪናው ሲሄድ ትምህርቱም አብሮ ይሄዳል።

የመጽሐፉን 100 ዲግሪ ደሴ ላይ መፈለግ። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነው፤ ውሃ 92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይፈላል። ደህናውን ቴርሞሜትር «ተበላሽቷል» ብሎ የሚጥል አይጠፋም! ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ የምትለው ኮምቦልቻ ደግሞ 94 ገደማ ታሳያለች። የሁለቱ ከተማ ክፍሎች በአንድ ቀን ለክተው ውጤቱን በስልክ ቢለዋወጡ ከዚህ የረከሰ ጥሩ ሙከራ የለም። ደሴ ላይ ጥብቅ ተደርጎ የተከደነ ባዶ ሃይላንድም በሁለቱ ከተማ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ጎኑ ይሰረጉዳል። ሲወጡ ነገሩ ስለሚገለበጥ ጋዝ የሚለቀውን ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ መተንፈሻ ባለው ክዳን ብቻ ጫኑ።

የሐረጎን ጠመዝማዛ መናቅ። የማይክሮስኮፑን መድረክ ዝቅ አድርጉ፣ ስላይዱን አውጡ፣ ዙሪያውን በስፖንጅ ደግፉ።

የመምህራኑን ሥልጠና ሐምሌ ላይ ዩኒቨርሲቲ ግቢ መያዝ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚሰጠው እዚያ ነው፤ ማደሪያው ይያዛል። ነሐሴ ይሻላል። ከየትምህርት ቤቱ ሁለት መምህር ጥሩ፤ አንዱ ቢዛወር ሙከራውን የሚያውቅ ይቀራል።