የሲስተም ዲዛይን በዲያግራም ሲቀርብ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የውሃ አገልግሎት ክፍያን በሞባይል ለመሰብሰብ የታሰበ ሲስተም ዲዛይን ለአንድ ተቋም የሥራ አመራር ባቀረብኩበት ዕለት፣ ስክሪኑ ላይ የዘረጋሁት ዲያግራም 30 ያህል ሳጥኖች ነበሩት። ሰርቨሮቹ፣ ፋየርዎሎቹ፣ ዳታቤዙና መጠባበቂያ ቅጂው፣ ከባንኮች ጋር የሚያገናኙት መስመሮች ሁሉ በየቦታቸው ነበሩ፤ በቴክኒክ በኩል የሚነቀፍ ነገር አልነበረበትም። የፋይናንስ ኃላፊዋ ጥቂት ከተመለከቱት በኋላ «ደንበኛው ከፍሎ ከሒሳቡ ከተቆረጠ በኋላ መስመር ቢቋረጥና እኛ ዘንድ ሳይመዘገብ ቢቀር፣ ያ ገንዘብ የት ነው ያለው?» ብለው ጠየቁ። የጥያቄያቸው መልስ ከ30ዎቹ ሳጥኖች በአንዱም አልነበረም፤ ስብሰባውም ያለ ውሳኔ ተበተነ። ከዚያ ወዲህ መሳል ከመጀመሬ በፊት፣ ሥዕሉን የሚያየው ሰው አይቶ ምን መወሰን እንዳለበት በአንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች በአብዛኛው ይህ ዓረፍተ ነገር ሳይጻፍ ወደ ሥዕል በመግባት የሚመጡ ናቸው።

አንዱን ዲያግራም ለሁሉም ማሳየት

ከሁሉም የከፋውና በብዛት የሚታየው ይህ ነው። አንድ ሲስተም በአንድ ሥዕል ተገልጾ እንደማያልቅ ባለሙያዎች ካወቁት ቆይተዋል። ፊሊፕ ክሩችተን እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው «4+1» በተሰኘ አቀራረብ፣ ሶፍትዌርን በአመክንዮ፣ በሂደት፣ በልማትና በአካላዊ አቀማመጥ እይታዎች ከፍሎ ካሳየ በኋላ፣ አራቱን የሚያስተሳስሩ የአጠቃቀም ታሪኮችን በአምስተኛነት ጨምሯል። የአከፋፈሉ መነሻ እያንዳንዱ እይታ የሚያስፈልገው ሰው የተለያየ መሆኑ ነው።

በውሃ ክፍያው ምሳሌ ብንሄድ፣ ለሥራ አመራሩ የሚበቃው ሲስተሙን አንድ ሳጥን አድርጎ መሐል ላይ የሚያስቀምጥና በዙሪያው ደንበኛውን፣ ቴሌብርን፣ ባንኩን፣ የቢል ዝግጅት ክፍሉንና የቅርንጫፍ ገንዘብ ተቀባዩን የሚያሳይ የአውድ ዲያግራም ነው፤ ከማን ጋር ውል እንደሚገባና ኃላፊነቱ የት ላይ እንደሚያበቃ የሚታየው እዚያ ነው። የኔትወርክና የኦፕሬሽን ባለሙያዎች ደግሞ የትኛው ፕሮግራም በየትኛው ሰርቨር ላይ እንደሚሠራና የትኛው ፖርት (የኔትወርክ መግቢያ በር) መከፈት እንዳለበት የሚያሳይ የዲፕሎይመንት ዲያግራም ይፈልጋሉ። የሕግና የኦዲት ባለሙያዎች የሚጠይቁት የደንበኛው ስም፣ ስልክና የሒሳብ ቁጥር በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ ጥያቄ የሚታለፍ አይደለም። ለእነሱ የሚሆነው የዳታ ፍሰት ዲያግራም ሲሆን፣ መረጃው ከተቋሙ ወይም ከአገር የሚወጣበት ድንበር በግልጽ መስመር ሊሰመርበት ይገባል።

አንባቢን በሥራ መደቡ ብቻ መመደብ

ያለፈውን ስህተት ያረመ ሰው በቀላሉ የሚወድቅበት ነው፤ «ይህ ለቴክኒክ ሰዎች፣ ይህ ለሌሎች» ብሎ አጥር ያጥራል። ፒተር ቼን እ.ኤ.አ. በ1976 ያስተዋወቀው፣ መረጃ የሚያዝላቸውን ነገሮችና የእርስ በርስ ግንኙነታቸውን የሚያሳየው የኢንቲቲ ሪሌሽንሺፕ ዲያግራም የዳታቤዝ ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይቆጠራል። እኛ ግን የቴብሎቹን (የመረጃ ሠንጠረዦቹን) ስሞች በተራ አማርኛ «ደንበኛ»፣ «ቆጣሪ»፣ «ቢል» ብለን ጽፈን፣ በሦስት ሳጥን ብቻ ለአንድ አንጋፋ ቆጣሪ አንባቢ አሳየናቸው። «አንድ ቆጣሪ የአንድ ደንበኛ ነው» የሚለውን መስመር እንዳዩ «አይደለም፤ በአንድ ግቢ አምስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበት ቦታ አለ፤ ተካፍለው ነው የሚከፍሉት» አሉን። ያ አንድ መስመር ሳይታረም ቢቀር ኖሮ ዳታቤዙ ከተገነባ በኋላ ማስተካከሉ ብዙ ሥራ ያስከትል ነበር። ስለዚህ መመዘኛው ሰውዬው የሚያውቀውና የሚወስነው ነገር እንጂ የተማረው የትምህርት ዓይነት አይደለም።

የዝርዝር ደረጃዎችን ማደባለቅ

በአንድ ሥዕል ላይ ቴሌብርን የሚያህል ሙሉ ሲስተምና ደረሰኝ የሚያትመውን ትንሽ የኮድ ክፍል ጎን ለጎን በእኩል ሳጥን ማስቀመጥ፣ በኢትዮጵያ ካርታ ላይ ባሕር ዳርንና የአራት ኪሎን አንዲት ቅያስ በእኩል ነጥብ እንደማመልከት ነው። አንባቢው ሁለቱን እኩል ክብደት ይሰጣቸዋል። ሳይመን ብራውን ያዘጋጀው «ሲ4» የተባለው ሞዴል ለዚህ ጥሩ መፍትሔ አለው፤ ሲስተሙን በአውድ፣ በኮንቴይነር፣ በኮምፖነንት (በአፕሊኬሽኑ የውስጥ ክፍሎች) እና በኮድ ደረጃ እየከፈለ፣ አንድ ዲያግራም በአንድ ደረጃ ላይ እንዲጸና ያደርጋል። «ኮንቴይነር» ሲል ለብቻው የሚሠራን አፕሊኬሽን ወይም የዳታ ማከማቻን ማለቱ እንጂ ዶከር የተባለው የፕሮግራም ማሸጊያ መሣሪያ የሚጠቀምበትን ኮንቴይነር ማለቱ እንዳልሆነ ለቡድኑ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። አራቱንም ደረጃ መሳል ግዴታ አይደለም። በእኔ ግምት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃሉ፤ የኮዱ ደረጃ ከፕሮግራሙ ራሱ ሊነበብ ስለሚችል በእጅ መሳሉ ድካሙን አይከፍልም።

ቅደም ተከተልን በሳጥን ለማሳየት መሞከር

የፋይናንስ ኃላፊዋ ጥያቄ የጊዜ ጥያቄ ነበር፦ ከምን በኋላ ምን ይሆናል? ሳጥንና ቀስት ብቻ ያለበት ሥዕል ምን ከምን ጋር እንደሚገናኝ እንጂ የትኛው እንደሚቀድም አይናገርም። ለሁለተኛው ስብሰባ ያዘጋጀነው ሲኩዌንስ ዲያግራም ሲሆን፣ ሦስት ቁልቁል የወረዱ መስመሮች ብቻ ነበሩት፦ ደንበኛው፣ የሞባይል ክፍያ ድርጅቱና የእኛ ሲስተም። በመጀመሪያው ቀስት ደንበኛው ይከፍላል፤ በሁለተኛው ድርጅቱ ለእኛ ያሳውቃል፤ ይህን ቀስት ሆን ብለን መንገድ ላይ ቆርጠን በቀይ ምልክት አደረግንበት። ቀጥሎ የእኛ ሲስተም ከሁለት ደቂቃ በኋላ በዚያው የግብይት ቁጥር «ክፍያው ተፈጽሟል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን አግኝቶ ይመዘግባል፤ የዘገየው ማሳወቂያ በኋላ ቢደርስም ቁጥሩ ቀድሞ ስለተመዘገበ ሁለተኛ ጊዜ አይመዘግበውም። ኃላፊዋ ጣታቸውን ከተቆረጠው ቀስት ላይ አድርገው «እዚህ ሰዓት ገንዘቡ በድርጅቱ ሒሳብ ውስጥ ነው ማለት ነው» አሉ፤ የሁለቱ ወገን ሒሳብ በሚመሳከርበት ዕለታዊ ማስታረቂያ ላይ ምን መታየት እንዳለበትም እዚያው ወሰኑ።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው ሌላው ጥፋት ሁሉ ነገር የተሳካበትን መንገድ ብቻ መሳል ነው። ገንዘብ በሚነካ ሲስተም ውስጥ ውይይት የሚያስፈልገው የተበላሸው መንገድ ነው። ቢሉ «ያልተከፈለ»፣ «በሂደት ላይ»፣ «የተከፈለ»፣ «የተመለሰ» እያለ የሚያልፍባቸውን ሁኔታዎች የሚያሳይ የስቴት ዲያግራም ቢታከልበት፣ «በሂደት ላይ» ብሎ ለሦስት ቀን የቆመ ቢል ምን እንደሚደረግ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። ዩኤምኤል የተባለው መደበኛ የዲያግራም ቋንቋ በሁለተኛው ስሪቱ 14 ዓይነት ዲያግራሞች አሉት፤ ሁሉንም ማወቅ አይጠበቅም፤ እነዚህን ሁለቱንና ዲፕሎይመንቱን በደንብ መሳል የቻለ ሰው ሩቅ ይሄዳል።

ቀስትን ያለ ቃል መተው

ቀስቱ ጠያቂው ማን እንደሆነ ያሳያል ወይስ መረጃው ወዴት እንደሚሄድ? ሲስተማችን የቢሉን መጠን ከቢል ዝግጅት ክፍሉ ሲጠይቅ ጥያቄው ወደዚያ ይሄዳል፤ መረጃው ግን ወደዚህ ይመጣል። ከሁለቱ አንዱን መርጦ በሥዕሉ ጥግ ላይ መጻፍና በእያንዳንዱ ቀስት ላይ «የቢል መጠን ይጠይቃል» ዓይነት ግሥ ያለው ሐረግ ማኖር ያስፈልጋል። «ዳታ» ብቻ ብሎ መጻፍ ምንም እንዳልጻፉ ይቆጠራል።

ሰዓትን ያለ ማብራሪያ መጻፍ

ይህ በአገራችን ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። በዲፕሎይመንት ዲያግራም ላይ «ማስታረቂያ በ6:00 ይሠራል» ተብሎ ቢጻፍ፣ አንዱ የሌሊቱ 6 ሰዓት ነው ይላል፤ ሌላው የቀኑ ይለዋል፤ ሦስተኛው በፈረንጅ አቆጣጠር ወስዶ በእኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት አድርጎ ይረዳዋል፤ ሰርቨሩ በዩቲሲ (ከእኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት) የተስተካከለ ከሆነ ደግሞ በእኛ ከረፋዱ 3 ሰዓት ይሆናል። «ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ በሰርቨሩ 21:00 ዩቲሲ» ብሎ ሁለቱንም መጻፍ ቦታ አይፈጅም።

የፊደልና የሕትመት ችግርን መርሳት

ፕላንትዩኤምኤል የተባለው ከጽሑፍ ዲያግራም የሚሠራ መሣሪያ ሥዕሉን በሚያመነጭበት ኮምፒዩተር ላይ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ካልተጫነ፣ አማርኛው ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ይወጣል። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ፎንት መጫንና ስሙን በፋይሉ ውስጥ መጥቀስ ይፈታዋል። ሰነዱ በጥቁርና ነጭ ተባዝቶ በሚታደልበት ስብሰባ ላይ ደግሞ ቀይና አረንጓዴ አንድ ዓይነት ግራጫ ስለሚሆኑ፣ ልዩነቱ በተቆራረጠ መስመር ወይም በጽሑፍ መታየት አለበት።

ያረጀ ሥዕልን እንደ ወቅታዊ ማቅረብ

አዲስ የተቀጠረ ፕሮግራመር ከአንድ ዓመት በፊት ከአገልግሎት በወጣ ሰርቨር ላይ ችግር ሲፈልግ ግማሽ ቀን ሲያጠፋ አይቻለሁ፤ ዲያግራሙ ላይ ያ ሰርቨር አሁንም ነበር። ዲያግራሙን እንደ ሜርሜይድ ወይም ፕላንትዩኤምኤል ባለ መሣሪያ በጽሑፍ መልክ መጻፍና ከኮዱ ጋር በጊት (የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው መሣሪያ) ማስቀመጥ፣ ለውጡን የሚመረምረው ሰው ኮዱንና ሥዕሉን አንድ ላይ እንዲያይ ያስችላል። በእጅ ለተሳለው ደግሞ ቢያንስ የተሻሻለበት ቀንና ኃላፊነቱን የያዘው ክፍል በግርጌው ይጻፍ፤ ለአንድ ስብሰባ ብቻ የተሳለ ከሆነም ይኸው ተጠቅሶ ከሰነድ ማኅደሩ ውጭ ይቀመጥ።