ጌም ከዴስክቶፕ ወደ ስልክና ቲቪ ሲላክ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ምስሉ ይቆራረጣል፣ የተጫነው በተን ዘግይቶ ይሰራል

ደንበኞች ከሚደውሉልኝ አስር ጥሪ ዘጠኙ ይሄ ነው። ጌሙን የምትልኩት በሰንሻይንና ሙንላይት (ሰንሻይን ዴስክቶፑ ላይ ሆኖ ይልካል፣ ሙንላይት ስልኩ ወይም ቲቪው ላይ ሆኖ ይቀበላል) ይሁን በስቲም ሪሞት ፕሌይ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነው፤ ዴስክቶፑ ከራውተሩ ጋር የተገናኘው በኬብል ነው በዋይፋይ? "በዋይፋይ" ካላችሁኝ ሌላ ሴቲንግ አልነካም።

ዴስክቶፑም ስልኩም ዋይፋይ ላይ ከሆኑ እያንዳንዱ ምስል ሁለቴ በአየር ይሄዳል፤ አንዴ ወደ ራውተሩ፣ አንዴ ወደ ስልኩ። ቻናሉ አንድ ከሆነ ደግሞ ተራ ይጠባበቃሉ። በሰከንድ 60 ምስል ሲላክ ለአንዱ የሚደርሰው 16.7 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። "ዩቲዩብ እኮ አይቆምም" አትበሉኝ፤ ቪዲዮ ቀድሞ ያጠራቅማል፣ ጌም ግን የሚመጣውን ቀድሞ ማጠራቀም አይችልም። የኢንተርኔት ፓኬጅ ማሳደግም ገንዘብ ማባከን ነው፤ ምስሉ ከቤት አይወጣም።

ስለዚህ ዴስክቶፑን በኬብል ሰኩት። ስልኩን 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ላይ አድርጉት፤ 2.4ቱን ብሉቱዝም የጎረቤት ራውተርም ይሻሙበታል።

ኬብል ሁሉ ግን ኬብል አይደለም። አንዱ ደንበኛዬ ግራፊክስ ካርድ ቀይሮ፣ ዊንዶውስ እንደገና ጭኖ ነው የጠራኝ። ኬብሉን ሳየው ጫፉ ላይ የምትቆልፈው የፕላስቲክ ምላስ ተሰብራለች፤ ጠረጴዛው በተነካ ቁጥር ላላ ይላል። የኔትወርክ ፍጥነቱ 1000 ሜጋቢት መሆን ሲገባው 100 ይላል። አዲስ ኬብል ሰካሁለት፣ አለቀ። ውስጡ ስምንት ሽቦ መኖር ሲገባው አራት ብቻ ከትተው የሚሸጡም አሉ፤ እሱም ከ100 አያልፍም። 1080ፒ የምስል ጥራት በ20 ሜጋቢት አካባቢ ስለሚሄድ ይበቃው ይሆናል፤ 4ኬ ግን 80 ገደማ ስለሚፈልግ ይጨናነቃል። እንዲህ ያለ ኬብል የሚሸጥ ሰው ያናድደኛል፤ ገዢው ጥፋቱን ኬብሉ ላይ ሳይሆን ሌላ ቦታ ሲፈልግ ይከርማል።

ኬብሉ ደህና ሆኖም ከቀጠለ፣ በኮምፒውተር በሚከፈተው ሙንላይት ኮንትሮል፣ አልት፣ ሺፍትና ኤስ አንድ ላይ ተጫኑ፤ የስርጭቱ ቁጥሮች ስክሪኑ ላይ ይወጣሉ። በኔትወርክ የጠፋው ምስል ብዙ ከሆነ ወደ ኬብሉና ዋይፋዩ ተመለሱ። ታምቆ የመጣውን ምስል የመፍታቱ ጊዜ ከ16 ሚሊሰከንድ ካለፈ ግን የደከመው ተቀባዩ መሣሪያ ነው፤ ኮዴኩን (ምስሉ የሚታመቅበትን ዘዴ) ወደ ኤች 264 ቀይሩ ወይም ጥራቱን ቀንሱ። ሁለቱም ደህና ሆነው ጌሙ ግራፊክስ ካርዱን 100 በመቶ ከያዘው፣ ለመላኪያ ትንፋሽ አላገኘም ማለት ነው፤ ጌሙን በሰከንድ 60 ምስል (ፍሬም) ላይ ገድቡት።

ስልኩ ዴስክቶፑን አያገኘውም

ስልኩ የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ሊሆን ይችላል። ካልሆነ ዊንዶውስ ኔትወርኩን "ፐብሊክ" ብሎት ነው፤ ወደ "ፕራይቬት" ቀይሩት። ፋየርዎሉን ጨርሶ አታጥፉ! ራውተር ላይም ፖርት (ከውጭ የሚገባበት በር) አትክፈቱ፤ ለቤት ውስጥ ጨዋታ አያስፈልግም፣ ኮምፒውተራችሁን ለውጭ ሰው ማጋለጥ ነው።

ድምፅ አለ፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው

ሞኒተሩ ጠፍቷል ወይም ተነቅሏል። አብሩት፣ ወይም ሞኒተር መስላ የምትታየውን ትንሽ የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ግዙ።

ቲቪው ላይ ብቻ ይዘገያል

ምስሉን ብዙ ሳያስውብ ቶሎ የሚያሳየውን የቲቪውን "ጌም ሞድ" አብሩ።

ምስሉ ይመጣል፣ ማውሱ አይታዘዝም

ጌሙ በአድሚኒስትሬተር ተከፍቷል። ዘግታችሁ እንደ ወትሮው ክፈቱት።