በባሌ ተራሮች የፈረስ ጉዞ፦ የድንኳን ቦታውን እንዴት አስተካከልኩት

ከዲንሾ ተነስተን በፈረስ ወደ ባሌ ተራሮች ስንወጣ ለመጀመሪያው ሌሊት የመረጥኩት ቦታ ዓይን የሚማርክ ቢሆንም፣ ነፋስ የሚገርፈው ገመገም ስለነበረ ፈረሶቹ ሣርም ውኃም አጥተው አደሩ፤ አንደኛውም ሌሊቱን ችካሉን ነቅሎ ወደ መጣንበት ተመለሰ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ቦታውን የመረጥኩት ለፎቶግራፍ እንጂ ለፈረስ አልነበረም።

በማግስቱ ምርጫውን ለባለ ፈረሱ ተውኩለት። አንድ ፈረስ በቀን 30 ሊትር ያህል ውኃ ስለሚፈልግ ወደ ወይብ ወንዝ ሸለቆ ወረድን፤ ነገር ግን ቀዝቃዛ አየር ሌሊት ቁልቁል ወርዶ ከሸለቆው ወለል ላይ ስለሚተኛ፣ ድንኳኑን ከወንዙ ጥቂት ከፍ ብለን፣ አለት ከነፋስ በሚከልለው ተዳፋት ላይ ተከልነው። ፈረሶቹንም የመጠጥ ውኃ ከምንቀዳበት በታች አሰርናቸው።

ከሁሉ ያስገረመኝ ባለ ፈረሱ ሣሩን በዱላ እየወጋ መዞሩ ነበር፤ ፍልፈል (ቀይ ቀበሮ የሚያድነው ያ ትልቁ ፍልፈል) የቦረቦረው መሬት ከላይ ደልዳላ ቢመስልም የፈረስ ኮቴ ሲያርፍበት ይሰምጣል። ሁለት ቦታ ትቶ ሦስተኛውን ተቀበለ። ንጋት ላይ ስንወጣ ውርጩ ከእኛ በታች ያለውን ሜዳ አንጥቶት፣ ፈረሶቹ ግን ከታሰሩበት ሳይነቃነቁ ሣራቸውን ሲግጡ አገኘናቸው።