ጆንሰን በዕጣ ሲደርሳችሁ፦ የፕሬዝዳንት ታሪክን ከልጅ ጋር ማሰናዳት

ባለፈው ዓመት የልጄ መምህር የፕሬዝዳንቶችን ስም በብጣሽ ወረቀት ጽፋ አምስተኛ ክፍሎችን ዕጣ አስወጣቻቸው። ለአንዷ ጓደኛዋ ሊንከን ደረሳት። ለሌላው ኦባማ። ለእኔዋ ልጅ ሊንደን ጆንሰን። ቤት ስትገባ አኩርፋለች። «አባዬ፣ ይሄን ሰውዬ እኮ ማንም አያውቀውም!» እውነቱን ለመናገር እኔም የማውቀው ከኬኔዲ ቀጥሎ መምጣቱን ብቻ ነበር።

አሜሪካ ልጅ የምታሳድጉ ከሆነ ይህ ሥራ አንድ ቀን ቤታችሁ ይመጣል። የአንድ ፕሬዝዳንት ትምህርትና የፖለቲካ ጉዞ፣ በአንድ ትልቅ ካርቶን፣ በአምስት ደቂቃ ንግግር። እኛ ተሳስተን ተሳስተን ነው የገባን። እንዴት እንደሠራነው ላጫውታችሁ።

ካርቶኑን መጨረሻ ላይ ንኩት። የእኛዋ ገና ምንም ሳናነብ መሃሉ ላይ ዋይት ሐውስን ዘርግታ ሣለችው። ለትምህርቱ የቀረው አንድ ጥግ ሆነ። ማታ ከሥራ ስወጣ ሌላ ካርቶን ፍለጋ ዞርኩ።

ይልቅ አንድ ተራ ወረቀት ለሁለት እጠፉ። በአንዱ በኩል ትምህርት፣ በሌላው ፖለቲካ። ከእያንዳንዱ ነገር ፊት ዓመቱ ይግባ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ፣ አለበለዚያ እናንተው ይምታታባችኋል።

የጆንሰን የትምህርት በኩል አጭር ነው። በ1908 ቴክሳስ ገጠር ተወለደ። በ1924 ሁለተኛ ደረጃ ጨረሰ። ወዲያው ኮሌጅ አልገባም፤ ካሊፎርኒያ ሄዶ ያገኘውን ሠራ፣ ተመልሶ መንገድ ሥራ ላይ ጉልበቱን ሸጠ። በ1927 ሳን ማርኮስ ያለው የመምህራን ኮሌጅ ገባ፣ በ1930 ተመረቀ። ሃርቫርድ የለ፣ ዬል የለ። ልጄ ቅር አላት። እኔ ግን ሰውዬውን መውደድ የጀመርኩት እዚህ ላይ ነው።

አሁን ከትምህርቱ በኩል ወደ ፖለቲካው የሚሻገር አንድ ነገር ፈልጉ። አንድ ብቻ። እኛ ያገኘነው ኮቱላን ነው። ጆንሰን በ1928 የኮሌጅ ገንዘብ ለማጠራቀም ትምህርቱን አቋርጦ ሜክሲኮ ድንበር አካባቢ ያለች ኮቱላ የምትባል ከተማ አስተማሪ ሆነ። ተማሪዎቹ የድሃ ሜክሲኮ አሜሪካውያን ልጆች ነበሩ። በመጀመሪያ ደመወዙ የስፖርት ዕቃ ገዛላቸው። በዚያ ዕድሜ እኔ የመጀመሪያ ደመወዜን ምን እንዳደረግኩት ባልናገር ይሻላል።

ከዚያ ወረቀቱን ገልብጡትና መጋቢት 15 ቀን 1965ን እዩ። ጆንሰን ፕሬዝዳንት ሆኖ ምክር ቤቱ ፊት ቆሟል። ለጥቁሮች የመምረጥ መብት ሕግ ይውጣ እያለ ነው። በዚህ መሃል ኮቱላን አነሳ። ልጆቹ ቁርስ ሳይበሉ፣ ተርበው ይመጡ እንደነበር ተናገረ። ሕጉ ነሐሴ ላይ ተፈረመ።

ዓመቶቹን ጎን ለጎን ያስጻፍኳችሁ በከንቱ አይደለም። በንግግሩ ላይ ኮቱላን «ከኮሌጅ በኋላ የያዝኩት የመጀመሪያ ሥራ» ይለዋል። ልጄ ወረቀቷን አየችና «የተመረቀው በ1930 አይደል እንዴ?» አለች። ልክ ናት። ፕሬዝዳንትም ቢሆን ስለ ራሱ የሚለውን አመሳክሩ።

የሥልጣኑን ዝርዝር በሩጫ እለፉት፤ በ1937 የተወካዮች ምክር ቤት፣ በ1948 ምርጫ ሴኔት፣ በ1961 ምክትል ፕሬዝዳንት፣ ኬኔዲ በተገደለ ዕለት ኅዳር 22 ቀን 1963 አውሮፕላን ውስጥ ቃለ መሐላ። ከዚህ ውስጥ አንድ ቁጥር ብቻ አጉሉ። የእኛ 87 ነበር። በ1948ቱ የፓርቲው ማጣሪያ አንድ ሚሊዮን ገደማ ድምፅ ተሰጥቶ ያሸነፈው በ87 ነው። ልጄ 87 ፍሬ ምስር ቆጥራ በሙጫ ለጠፈች። ማጭበርበር ነበረበት የሚባል ምርጫ ነው፤ «ያከራከረ» ብለን ጻፍን።

የሚያስቀይመውን አትዝለሉ። ቬትናም ጦርነት የዘመተው ወታደር ከ500 ሺህ በላይ ደርሶ አገር ሲናወጥ፣ መጋቢት 31 ቀን 1968 በቴሌቪዥን ወጥቶ ዳግም አልወዳደርም አለ። ይህ ከሌለበት ካርቶኑ ማስታወቂያ ነው።

እኛንም የሚነካ ነገር አለው። ከ1924 ጀምሮ አሜሪካ ለመኖር የሚገባውን ሰው በየትውልድ አገሩ የሚገድብ የአገር ኮታ የሚባል ነበር፤ የኢትዮጵያ በዓመት 100 ሰው። ጆንሰን ኮታውን የሚያስቀር ሕግ ጥቅምት 3 ቀን 1965 ነጻነት ሐውልት ሥር ፈረመ። እኔ የመጣሁበት ዲቪ የ1990 ሕግ ነው፣ ሁሉንም ለእሱ አንስጠው። ቢሆንም አንድ መስመር ጨመርንለት።

ንግግሩን በመጀመሪያ በአማርኛ አስለማምዱ። በአማርኛ ካልወጣላት አልገባትም ማለት ነው። የእኛዋ ደሴ ላለችው አያቷ በዋትስአፕ አቀረበች። እናቴ ዝም ብላ ሰማችና ስለ ሴኔቱም ስለ ምስሩም ምንም ሳትል «ታዲያ የኔ እናት፣ ለእነዚያ ልጆች ቁርስ ማን ሰጣቸው?» አለቻት።

ልጄ እኔን አየችኝ። እኔም እሷን። ስልኩን ዘግተን ፍለጋ ገባን። ጆንሰን ጥቅምት 1966 የፈረመው የሕፃናት ምግብ ሕግ የትምህርት ቤት ቁርስን በሙከራ አስጀምሯል። ልጄ በካርቶኑ የመጨረሻ ባዶ ቦታ ላይ ጻፈችው፣ ከጎኑም የራሷን ትምህርት ቤት የወተት ካርቶን ሣለች።